የድልድይ ሠሪው ሚስት

ባል የሌላት ሴት ባል አላት ተብሎ ሲወራ ዝም ካለች፣ ያ ባል አንድ ቀን መሾሙ፣ መታመሙ፣ ምናልባትም መሞቱ አይቀርም። ጎብኚዋ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ግን ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም። መኪናው ውስጥ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ በየጉድጓዱ መስተዋቱ ግንባሯን እየመታት ትሄድ ነበር። ቀና ብላ መቀመጡም ደከማት።

ሥራዋ ልጆችን መጎብኘት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የዕርዳታ ክፍል በየገጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምራቸው፣ ዩኒፎርማቸውንና የአዳሪ ክፍያቸውን የሚችልላቸው ልጆች አሉት። እርሷ በየመንፈቁ እየሄደች እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ታስቀምጠውና ትጠይቀዋለች። ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍ ትተኛለህ? ምግብ ይበቃሃል? የሚያስጨንቅህ ነገር አለ? እውነቱን ንገረኝ፤ ይህ የእኔና የአንተ ብቻ ነው። ከዚያ ወጪውን ለሚሸፍኑት ሰዎች የሚላክ ፎቶ ታነሣዋለች። ፎቶው ላይ ልጁ ፈገግ ማለት አለበት። ስንት ዓመት ሙሉ «ፈገግ በል» ስትል ኖራ፣ አሁን አሁን ቃሉን ስትናገር የራሷ ፊት ይከብዳት ጀምሯል።

ይህ ጉዞ የመጨረሻዋ ነው። ዋናው ቢሮ ከሚመጣው መንፈቅ ጀምሮ ልጆቹ በስልክ ይጠየቁ ብሎ ወስኗል፤ ለእርሷም ከተማ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ሰጥቷታል። እናቷ ይህን ሲሰሙ «ተመስገን፣ ከአቧራ ወጣሽልኝ! አሁን እንኳ ሰው ያይሽ ይሆናል» አሉ። ሰው ማለታቸው ባል ማለታቸው ነው።

እርሷ ግን አልተደሰተችም። ዛሬ የምትሄድበት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በቤተ ሙከራው ጓዳ፣ ባለትዳር መስላው በቅጡ ቀና ብሎ የማያያት አንድ ሰው አለ። እንደምትወደው ዛሬ ካልነገረችው መቼም አትነግረውም፤ ወደዚያ የሚያደርስ ሌላ መንገድ የላትም።

እስቲ ባሏ እንዴት እንደተወለደ እንናገር። ሥራ በጀመረች ሰሞን በአንድ የመንገድ ዳር ሆቴል አንድ ነጋዴ እራት ካልጋበዝኩሽ ብሎ መቀመጫ መቆሚያ አሳጣት። ሹፌሩ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ምላሳቸው ግን ገና ያልሸበተ ሰው ናቸው። ከማዶ ጠረጴዛ ተነሡና «ወንድሜ፣ ልጅቷ ባለትዳር ናት» አሉት። ነጋዴው ሄደ። ቢሮ ውስጥ ያሉ ነባር ሴቶች ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ። «እኛም ለሥራ ስንወጣ ቀለበት እናጠልቃለን። አንቺም አድርጊ፤ መንገድ ላይ ከውሻም ከወንድም ያድንሻል» ብለው መከሯት። ከመንገድ ሻጭ አንድ ቀለበት ገዛች። ጣቷን አረንጓዴ ያደርገዋል እንጂ ሥራውንስ ሠርቷል።

ነገሩ በቀለበቱ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሹፌሩ ግን ወሬ ጀምረው መሃል ላይ መተው የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። «ባሏ ምን ይሠራል?» ሲሏቸው «ድልድይ» አሉ። ድልድይ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ሩቅ ነውና ለምን አብሯት አይታይም የሚል አይኖርም። በሚቀጥለው ጉዞ ድልድዩ ረዘመ። ከዚያ ወንዙ ሰፋ። ቀጥሎም ሰውየው የሠራተኞቹ ሁሉ አለቃ ሆነ። «ዘንድሮማ ሾምኩልሽ» ይሏታል መኪና ውስጥ። እርሷም ትስቅ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የኬሚስትሪ መምህሩን ያወቀችው በተቆጣበት ቀን ነው።

በመጀመሪያው ጉብኝቷ፣ ሌላም ቦታ እንደምታደርገው፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ የልጆቹን ስም ጠራች። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ከሰልፉ ሲወጡ ከኋላቸው ሹክሹክታና ሳቅ ተከተላቸው። ሰልፉ ሲበተን እጅጌው በአሲድ የተበሳሳ ነጭ ጋዋን የለበሰ ቀጭን ሰው መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገራት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እነዚህን ልጆች ሁለተኛ በስማቸው ከሰልፍ አያውጡብን።»

«ሌላ ቦታ ሁሉ እኮ እንዲህ ነው የምናደርገው።»

«አውቃለሁ። እኔም በልጅነቴ እንዲህ ወጥቻለሁ» አላት። «ከዚያች ቀን ጀምሮ እስክጨርስ ድረስ ስሜ "እጅ ጠባቂ" ሆኖ ቀረ።»

 «ታዲያ የት ላግኛቸው?» አለችው።

«ቤተ ሙከራ ይምጡ። ዕቃ ላሳጥባቸው ነው ብዬ አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ። ዕቃ ማጠብ ማንንም አያሳፍርም፣ ማንንም አያስቀናም።»

ከዚያ ወዲህ ጉብኝቱ በቤተ ሙከራው ጓዳ ሆነ። ቧንቧው ውኃ የሚሰጠው ሲያሰኘው ብቻ ስለሆነ አንድ ጀሪካን ሁልጊዜ ሥሩ ይቀመጣል። መደርደሪያው ላይ ጽሑፋቸው የደበዘዘ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቷቸው የመስታወት ቱቦዎቹን ያጥባል። ልጁ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ውኃውን ወደ ሳህኑ ጮክ አድርጎ ይቀዳዋል፣ የልጁ ምሥጢር ጆሮው እንዳይገባ። ይህን ስታይ ምንም አትናገርም፤ ግን በየጊዜው ልቧ አንድ እርምጃ ወደ እርሱ ትሄድ ነበር።

ከዚያ የፎቶው ነገር መጣ። ከዚህ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ፎቶዎች ላይ ልጆቹ ከልባቸው ይስቃሉ፤ ብቻ ሁሉም ከእርሷ ትከሻ ትንሽ ከፍ ብለው ነው የሚያዩት። ቢሮዋ «እንዴት አድርገሽ ነው የምታስቂያቸው?» እያለ ያመሰግናታል። አንድ ቀን ድንገት ዞር ስትል መምህሩን አየችው። የቱቦ መያዣውን አፍንጫው ላይ ቆንጥጦ፣ ዓይኑን ወደ መሃል ሰብስቦ ቆሟል። ፊቱ ቀላ። መያዣውን ከአፍንጫው ለማንሣት ሲቸኩል የመስታወት ቱቦ ጣለና ሰበረ። ያን ቀን ነው የወደደችው። ሴት ልጅ ወንድን የምትወድበት ሰዓት ብዙ ነው፤ የእርሷ ይኸው ነበር።

ሊሸኛት ሲወጣ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል።

«ባለቤትዎ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ድልድዩስ?»

«እየሄደ ነው።»

መጀመሪያ ቀለበቱ ጋሻዋ ስለነበር ዝም አለች። ኋላ ግን እንዴት ብላ ትናገረው? ርእሰ መምህሯ፣ ዘበኛው፣ ልጆቹ ሁሉ ሰምተዋል። ልጆችን እውነቱን ንገሩኝ እያለች የምትለምን ሴት «እኔ የዋሸሁት ይህን ነው» ብላ ከየት ትጀምራለች? ከአፍ የወጣ አፋፍ። አንድ ጊዜ ዝናብ መንገዱን ዘጋባቸውና እስኪያባራ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሻይ አፈላላት። ጠረጴዛውን መሃል አድርገው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ብዙም አልተነጋገሩም። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፤ የሁለቱም ገብቶ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ጣቷ ላይ አረፈ። ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣና የታጠቡትን ቱቦዎች እንደገና ማጠብ ጀመረ።

ጉብኝቱ እንደሚቆም በተነገራት ሳምንት፣ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ መኪና ውስጥ አለቀሰች። ሹፌሩ መጀመሪያ ስለ ሥራው መስሏቸው ነበር። «መምህሩን ነው» ስትላቸው ግን መሪውን ይዘው ብዙ መንገድ ዝም አሉ። እርሳቸው ዝም ሲሉ መፍራት ነበረባት።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አሉ በመጨረሻ። «እኔው አስተካክለዋለሁ።»

ለማጽናናት ያሉት መሰላትና ረሳችው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሹፌሩ ለብቻቸው ወደዚያ ትምህርት ቤት ደብተር ለማድረስ ሄደው ተመለሱ። እንግዲህ የመጨረሻዋ ጉዞ ከዚህ በኋላ ነው የመጣው።

በሩ ላይ ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ዝቅ አደረገላት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ።»

ደነገጠች። ግቢው ጸጥ ብሏል፤ ኳስ የሚጫወትም የለም። ርእሰ መምህሯ ጥቁር ሹራብ ደርበው ከቢሯቸው ወጡና አቀፏት። አቀፏትና አልለቀቋትም።

«ማን ሞተ?» አለች ጎብኚዋ።

ርእሰ መምህሯ ራቅ ብለው ፊቷን አዩት። ከዚያ ለቆሙት መምህራን በዓይናቸው ምልክት ሰጡ። «አይ ሐዘን! ሰውን እንዲህ ያደርጋል» አሉ። «አይዞሽ እኅቴ። ከቶ ማን ይቀራል? እርሳቸውስ ቢያልፉ ድልድያቸው ቆሞ ይመሰክርላቸዋል።»

 ቀስ ብላ ወደ መኪናው ዞረች። ሹፌሩ የሞተሩን ክዳን ከፍተው እስከ ትከሻቸው ድረስ ውስጥ ገብተዋል።

ልትጠራቸው ስትል ርእሰ መምህሯ ደረሱባት። እጇን ይዘው ቢሮ አስገቧት፤ ወንበር ሰጧት። ልጆቹ አንድ በአንድ ገቡና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። መምህሩ በመጨረሻ መጣና በሩ ላይ ቀረ። ጋዋኑ ታጥቦ ተተኩሷል። ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም።

ከልጆቹ መሃል ረጅሟ ወደ ፊት ወጣች። ዘንድሮ የምትጨርስ፣ ጎብኚዋ ከመጀመሪያው ጉብኝት ጀምሮ የምታውቃት ልጅ ናት።

«እትዬ፣ ዛሬ እርስዎ አይጠይቁንም» አለቻት። «ተመካክረናል። ዛሬ እኛ እንጠይቅዎታለን።» እጆቿን አጣምራ፣ ልክ እንደ ጎብኚዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጀመረች። «ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«እውነቱን ይንገሩን። ይህ የእኛና የእርስዎ ብቻ ነው።»

ጎብኚዋ ያን ቃል ለስንት ልጅ እንደተናገረችው አሰበች። «ትንሽ ደክሞኛል» አለች።

«እንቅልፍ ይተኛሉ?»

«እምብዛም።»

«ምግብስ ይበላሉ?»

«ብቻዬን ሲሆን… አይበላልኝም።»

«የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ?»

 ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠይቅ ኖራ፣ እርሷን ቁጭ አድርጎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። እናቷ እንኳ የሚጠይቋት መቼ ታገቢያለሽ ብቻ ነው። እንባዋ መጣ፣ ልትመልሰው ሞከረች፣ አልተመለሰም። ፊቷን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለማንም ሳይሆን ለራሷ ነው። ልጆቹ ግን ለሟቹ መሰላቸው፤ ትንንሾቹ አብረዋት አለቀሱ፤ ረጅሟም እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄኔ ነው። 

ትንሽ አየር ልውሰድ ብላ ወጣችና በቀጥታ ወደ መኪናው ሄደች።

«ምን አደረጉኝ፣ ጋሼ?»

ሹፌሩ ራሳቸውን ከሞተሩ አወጡ። «ምን ላድርግ ልጄ? እኔ የፈጠርኩትን እኔው ገደልኩት።»

«ውሸት ነበር ማለት አቃተዎት?»

«ልጆቹ ፊት ውሸታም ላስብልሽ? ተፋታች እንዳልል የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ ምን አድርጋ ነው ይላሉ። ሞትን ግን ማንም ለምን አይለውም።»

«እንዴት ነው የሞተው?»

«በሕመም። ቀስ ብሎ። ከድልድዩ ወደቀ ልል ነበር፤ አንጀቴ እምቢ አለ። ይህን ያህል ጊዜ አብሬው ኖሬ…»

በንዴቷ መሃል ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ በሳቋ ተናደደች። ሹፌሩ ግን የሳቋ ነገር አበረታቷቸው፣ «በይ አሁን ነጻ ነሽ፤ ሂጂና አናግሪው» አሏት።

«እርሱ ባሏን ትናንት የቀበረች ሴት ፊት ስለ ፍቅር የሚያወራ ሰው መሰለዎት? እኔስ የውሸት ሐዘንተኛ ሆኜ ምን ብዬ ልጀምርለት?»

ሹፌሩ ጨርቅ አንሥተው እጃቸውን ይጠርጉ ጀመር። ይህኛውን አላሰቡትም ነበር።

ቤተ ሙከራው ውስጥ መምህሩን መጻሕፍቱን በእንጨት ሣጥን ውስጥ እየደረደረ አገኘችው። ስትገባ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይቀመጡ። ልጆቹን ተዉ ብያቸው ነበር፤ እምቢ አሉኝ።»

«ሣጥኑ ምንድን ነው?»

«ዝውውር ጠይቄ ነበር፤ ተፈቀደልኝ። ትምህርት ሲዘጋ እሄዳለሁ።»

«የት?»

«ሩቅ ነው። የመኪናው መንገድ የሚያልቅበት ቦታ።»

«መቼ ነው የጠየቁት?»

አንድ መጽሐፍ ሣጥኑ ውስጥ ጨመረ። «ባለቤትዎ ያረፉ ሰሞን።»

«ለምን?»

«ዛሬ አይጠይቁኝ። በሐዘንዎ ላይ የምጨምርልዎ ነገር አይደለም።»

ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«መምህር፣ ባል የለኝም።»

«አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያጽ…»

«አይደለም። ኖሮኝም አያውቅም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ነጋዴውን፣ ነባሮቹን ሴቶች፣ የሹፌሩን አፍ፣ የራሷን ዝምታ። ምንም አላስቀረችም፣ ምንም አላሳመረችም። መምህሩ የቱቦ ማጠቢያ ብሩሹን በእጁ እንደያዘ ቁጭ አለ። ስትጨርስ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ድልድዩስ?»

«ድልድይም የለም።»

ብሩሹን አስቀመጠው። ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደና ጀርባውን ሰጣት።

«ሹፌሩ ሲነግሩን እዚያ ቢሮ ቆሜ ነበር» አለ። «ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ? ደስ አለኝ። ሰው ሞተ ሲሉኝ ደስ አለኝ! በየመጣሽበት ጤናውን የጠየቅሁት፣ ደግ ነው ብዬ ያሰብኩት ሰው። ከዚያ ራሴን ጠላሁት። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ አንቺን መጠበቅ የለበትም ብዬ በማግስቱ ዝውውር ጠየቅሁ።»

«የሞተ ሰው እኮ የለም።»

«ደስታዬ ግን ነበረ። እርሱ ውሸት አልነበረም።»

እንደምትወደው ልትነግረው የመጣች ሴት፣ እርሱ እንደሚወዳት በዚህ ዓይነት ሰማች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ሐፍረቱ ግን ደስታዋን ተጫነው። በአንድ ተራ ቀለበት ይህን ጭምት ሰው ከራሱ ጋር አጣልታዋለች።

«ይቅር በለኝ» አለችው።

«እኔስ ይሁን። ልጆቹ ግን አልቅሰዋል። መጀመሪያ ለእነርሱ ንገሪ።»

ነገረቻቸው። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሰብስባ፣ ቀለበቱን አውልቃ፣ ቆማ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። በሹፌሩም አላሳበበችም፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ አለች።  ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ «ታዲያ ድልድዩን ማን ይጨርሰው?» አለ፤ ትንንሾቹ በሳቅ ፈረሱ። ርእሰ መምህሯ ጥቁሩን ሹራብ አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣሉትና፣ ይስቁ ይቆጡ ሳያውቁ፣ ግንባራቸውን ይዘው ወጡ።

ረጅሟ ግን አልሳቀችም።

«እኔ ለባለቤትዎ ነፍስ ስጸልይ ነው የከረምኩት» አለች። «እውነቱን ንገሪኝ ሲሉኝ፣ አባቴ ጥሎን መሄዱን ለማንም ያልነገርኩትን ለእርስዎ ነግሬዎታለሁ።»

«ልክ ነሽ» አለቻት ጎብኚዋ። 

ልጅቷ ወጣች።

ሥራ ሥራ ነውና ፎቶው ቀጠለ። ልጆቹ እየተጋፉ፣ ስለ ድልድዩ እየተቀላለዱ ተነሡ። ሁሉም አልቀው ካሜራዋን ልትዘጋ ስትል ረጅሟ ተመልሳ መጣችና ግድግዳው ሥር ቆመች።

«ፈገግ አልልም።»

«አትበይ» አለቻት። እንዳለች አነሣቻት።

ልጅቷ ግን አልሄደችም። «አሁንም አንድ ልጠይቅዎ። ቲቸርን ይወዷቸዋል?»

በዚያ ቀን ሌላ ውሸት የሚችል ጉልበት አልነበራትም። «እወደዋለሁ።»

«ይሄንንማ እናውቃለን። እርሳቸውም ጋዋናቸውን የሚያጥቡት እርስዎ በሚመጡበት ሳምንት ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜማ ባይጠጓቸው ይሻላል።» ልጅቷ ልትስቅ ከጀላት፣ ሳቋን ዋጠችው። «ይቅር ግን አላልኩዎትም።»

«ጊዜሽን ውሰጂ።»

ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። መምህሩ ቤተ ሙከራው በር ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ጎብኚዋ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።

«ነገርኳቸው።»

«ሰማሁ። ስለ ድልድዩ ሲስቁ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።»

ከመኝታ ክፍሎቹ በኩል ባልዲ ሲንኳኳ፣ ልጆች ውኃ ለመቅዳት ሲጣደፉ ይሰማል።

«ዝውውሩን መመለስ አልችልም» አለ መምህሩ። «ምትኬ ተመድቧል። አንቺም ወደ ከተማ ነሽ።»

«እኔም ወደ ከተማ ነኝ።»

«እና?»

 ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ደረጃው ላይ ዘረጋች። ይህን የምታደርገው ሰው በሌለበት ብቻ ነበር።

«ደክሞኛል» አለችው። «ደህና ነህ ወይ፣ ደህና ነሽ ወይ ስል መኖር ደከመኝ። መንገዱ ደከመኝ። ሆቴል ቤት ብቻዬን መብላት ደከመኝ። አንተን በልቤ ይዤ መዞርም ደከመኝ፤ ከልቤ ግን አልወጣ አልከኝ።»

መምህሩ እጆቹን አያቸው። በሳሙናና በአሲድ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል።

«እኔም ደክሞኛል» አለ። «ስትመጪ መጠበቅ፣ ስትሄጂ ደግሞ ከመጀመሪያው መጀመር። ልጆቹ ቱቦው ንጹሕ ነው እኮ ይሉኛል፤ እኔ አጥባለሁ።»

«እንግዲያው» አለች፤ ወደ እርሱ ዞራ እንደገና ጀመረችው። «እንግዲያው ለየብቻችን ከምንደክም፣ አብረን እንድከም።»

ዞር ብሎ አያት። በዚህ ሁሉ ጊዜ በቅጡ ሲያያት የመጀመሪያው ነው፤ አላፈረም፣ ዓይኑንም አልመለሰም።

«እዚያ እኮ ምንም የለም። አንድ ክፍል ቤት ነው የሚሰጡኝ። መብራትም የለው።»

«ልጆች አሉ?»

«ልጆችማ ሞልተዋል።»

«ልጅ ካለ ሥራ አላጣም።»

«ቢሮሽስ?»

«ቢሮው እኔ ሳልወለድም ነበር።»

«እናትሽስ?»

«ታለቅሳለች። ከዚያ ትጠይቅሃለች። ምን እንደምትሠራ ራስህ ትነግራታለህ፤ ጋሼን እንዳትልክ።»

መምህሩ ሳቀ። ድካም ያለበት፣ አጭር ሳቅ ነበር፤ እርሷ ግን እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። መዳፉን ገልብጦ በመሃላቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ አኖረው። ሻካራ ነበር። እጇን አኖረችበት፤ ምንም ያልጠለቀበት እጇን። ጭንቅላቷን ወደ ትከሻው ዘንበል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ እርሱም ሳይነቃነቅ ተቀመጠ።

ከበሩ በኩል ሹፌሩ ከመጨለሙ በፊት እንድረስ ብለው ሞተሩን አስነሥተው ነበር። ጥሩምባውን ሊነፉ እጃቸውን ሲያነሡ በመስተዋቱ አዩዋቸው። እጃቸውን መለሱት። ሞተሩን አጥፍተው፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝተው፣ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ።